ማህተሙን የበላው ቀበሮ

በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ላይ ማህተም መትቻለሁ፤ በቀበሮ ኩስ ላይ የመታሁት ግን አንድ ሰሞን ብቻ ነው። ይህን ሳወራ የዛሬ ልጆች ያጋነንኩ ይመስላቸዋል። የደርግን ዘመን ቢሮ የሚያውቅ ሰው ግን አይገርመውም፤ ያኔ ማህተም ያላረፈበት ነገር እንዳልተፈጠረ ይቆጠር ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ጂንካ ነው። የአጭር ጊዜ ኮርስ ጨርሼ የዱር እንስሳት ቴክኒሻን ተብዬ ተመድቤ ነበር። ቢሮአችን ከተማው መሀል ካለው ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ ፊት ለፊት የተሠራ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ከሜዳው ላይ ከብት ማባረር ደርሶን እናግዝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ሥራ መሥራታችንን አላስታውስም። አራት ነበርን፤ ኃላፊያችን፣ ሾፌሩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋና እኔ።

ኃላፊያችን ከመሀል አገር የመጡ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ሕመማቸው ስብሰባ ነው። ዝናብ ቢዘንብ ስለ ዝናቡ ይሰበስቡናል፤ ቢያባራ ስለ ማባራቱ ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በቆላው ሜዳ አብረው የሚኖሩት ሁለት የቀበሮ ዓይነቶች ምን እንደሚበሉና በምግብ ይሻሙ እንደሆነ ተጠንቶ ይቅረብ ይላል። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ወዲያው ስብሰባ ጠሩ።

ስለ ሁለቱ ቀበሮዎች ያለኝን እውቀት እንዳስረዳ ታዘዝኩ። አንደኛው ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ፣ አፉ ትንሽ፣ ጥርሱ ብዙና ደቃቅ የሆነው ነው፤ ምስጥና ጥንዚዛ እየለቀመ ይኖራል። ሁለተኛው ጀርባው ላይ ጥቁር ኮርቻ የተጫነ የሚመስለው ነው፤ እሱ አይጥም፣ ጥንብም፣ የወደቀ ፍሬም፣ የሰው ፍየልም ቢያገኝ አይመርጥም። ገና ሳልጨርስ ኃላፊያችን ጣታቸውን አነሡ።

«ግልጽ ነው። ጆሮ ትልቁ ለፍቶ አዳሪ ነው። ጥቁር ጀርባው በዝባዥ ነው። የቀረን ይህን በማስረጃ ማረጋገጥ ብቻ ነው!»

ማስረጃው ኩስ ነበር። ቀበሮ ምን እንደበላ ማወቅ ከፈለግህ ኩሱን ሰብስበህ፣ በውሃ በጥብጠህ፣ በወንፊት አጥልለህ፣ የቀረውን ክንፍ፣ ጠጉርና አጥንት ትለያለህ። ሱቅ ሄጄ ትልቁን የሻይ ማጥለያ ገዛሁ። ባለሱቁ ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቀኝ ለሥራ ነው አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ሻይ ቢጋብዘኝም እምቢ ማለት ለመድኩ፣ ማጥለያዬን ሌላ ሰው አግኝቶ መልሶ የሸጠለት እየመሰለኝ።

ኃላፊያችን ደግሞ የራሳቸውን ዘዴ ጨመሩ። «ኩስ ይለወጣል» አሉ። «ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህ የቀበሮ ነው ወይስ የሰፈር ውሻ ቢለን ምን እንመልሳለን? እያንዳንዱ በወረቀት ይጠቅለል፣ ቁጥር ይሰጠው፣ እዚያው በወደቀበት ቦታ ማህተም ይረፍበት።» ስለዚህ ማህተሙ አብሮን ወደ በረሃ መውረድ ነበረበት።

ማህተሙ በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እጅ ነበር። እሷ የገዘር አካባቢ ልጅ ናት፤ በብሔረሰቧ አሪ ናት፤ አንዲት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ማህተሙን ፈርማ የተረከበችው እሷ ስለሆነች ለብቻው ከተሠራ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው ነበር። ኃላፊያችን አምጪ ሲሏት ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ጓድ ኃላፊ፣ ማህተም ከቢሮ አይወጣም።»

«እኔ ያለሁበት ሁሉ ቢሮ ነው» አሏት።

እኔ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አሁንም አላውቅም፤ ወጣት ነበርኩ፣ አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ ደግሞ ያኔ ብዙ አልነበረም። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ሳጥኑን ከፈተች፤ ማህተሙን ስትሰጠኝ በሁለት እጇ ነበር።

ማክሰኞ ወረድን። ሰፈራችን ወደ ኦሞራቴ ከሚወስደው መንገድ ፈንጠር ብሎ ያለ፣ ግራርና ኩይሳ የበዛበት ሜዳ ነበር። መንገድ መሪ እንዲሆኑን አንድ የበና ሽማግሌ ቀጠርን። አማርኛን ገበያ ላይ የተማሩ፣ የሚናገሩትን እየመረጡ የሚናገሩ ሰው ናቸው። መሬት አይተው ትናንት ማን እንዳለፈ ይነግሩሃል። ኃላፊያችን ማህተሙን፣ ቀለም የጠጣውን ስፖንጁንና በቅቤ የታሸውን ቋንጣቸውን አንድ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከተቱ። ቋንጣ ለምን አብሮ እንደሚቀመጥ ስጠይቃቸው፣ ኬላ ላይ ፈታሽ ስንቅ ካየ ከሥሩ ያለውን አይፈትሽም አሉኝ። ብልኃት ነው ብዬ አደነቅሁ።

ረቡዕ ሥራችን ሰመረ። አርባ ያህል ኩስ ሰብስበን፣ ጠቅልለን፣ ማህተም መታንባቸው። የጆሮ ትልቁ ኩስ ሲታጠብ የምስጥ ራስና የጥንዚዛ ክንፍ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል። የጥቁር ጀርባው ከአይጥ ጠጉር እስከ ጨርቅ ክር ያለበት የሰፈር ቆሻሻ ነው። አንዱ የሚበላውን ሌላው እንደ ምግብም አይቆጥረውም። ሽሚያ የለም ማለት ነው። ይህን ለኃላፊያችን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም፤ ትግሉ የት ሄደ አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጀንበር ገና ብቅ ስትል፣ ቦርሳው ተሰጠኝ። እጄ በሥራ ስለተያዘ ዝቅ ያለ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩትና ውሃ ዳር ወረድኩ። ስመለስ ቅርንጫፉ አለ፣ ቦርሳው የለም። መሬቱ ላይ የቀበሮ ዱካ ነበር።

ያኔ ማህተም የጠፋበት ሰው ማህተም ጠፋብኝ ብሎ አይድንም። ለማን ሰጠኸው፣ ምን ሊጽፉበት ነው፣ ከየትኛው ድርጅት ጋር ነህ ይባላል። ጠያቂው ደግሞ የሚጠይቀው የጣለውን አይደለም፤ ፈርሞ የተረከበውን ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቦርሳውን የሰቀልኩት እኔ፣ ይዘን እንውረድ ያሉት ኃላፊያችን፣ የምትታሰረው ግን ጂንካ ቢሮ ቁጭ ብላ ፋይል የምታስተካክል ሴት ናት።

ኃላፊያችን ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው፣ ማህተሙን የወሰደው ከሁለቱ ቀበሮዎች የትኛው ነው የሚል ነበር። ሽማግሌውም እንዲገኙ ተደረገና ከግራሩ ሥር አራት ሆነን ተቀመጥን።

ሾፌሩ ቀድሞ ተናገረ። ጎህ ሲቀድ ጆሮ ትልቁ በሰፈራችን ዳር ሲያልፍ አይቻለሁ አለ። «ምስጥ ነው የምበላው እያለ የሚያታልለን የቀበሮ ባሕታዊ ነው!» ኃላፊያችን ወዲያው ተቀበሉት። ያን ሁሉ ጆሮ ለምን ይዞት ይዞራል፣ ሊሰልለን ካልሆነ አሉ። እንግዲህ ጆሮ ትልቁ እስከ ረቡዕ ድረስ ለፍቶ አዳሪ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት ሰርጎ ገብ ሆነ። በዚያ ዘመን ከሰውም ብዙው እንዲሁ በአንድ አዳር ነበር የሚለወጠው።

እኔ ተቃወምኩ። ጆሮ ትልቁ ሥጋ አይፈልግም፣ ቦርሳውን የወሰደው ቋንጣ የሸተተው ነው፣ ስለዚህ ጥቁር ጀርባው ነው አልኩ። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ ሽማግሌውም እጅ አውጡ ሲባሉ አውጥተው ነበር።

ሾፌሩ የጆሮ ትልቁን ጉድጓድ የምንቆፍርበት አካፋና ዶማ እንዲያመጣ ጂንካ ተላከ። የነገሩን ልክ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም እንዲነግራት፣ ምናልባት የተሻረ ማህተም ካለ እንድትፈልግ ተባለ። ዓርብ ረፋድ ላይ ተመለሰ። አካፋና ዶማውን አወረደ። ቴሌግራም መጥቷል፣ ሰኞ በአውሮፕላን ተቆጣጣሪ ይመጣል አለን።

«እሷ ምን አለች?» አልኩት።

«አካፋው የት እንዳለ አሳየችኝ።»

ከምሳ በኋላ ወደ ጆሮ ትልቁ ጉድጓድ ለቁፋሮ ስንነሣ፣ በመንገዴ ላይ በዕድሜዬ ሁሉ የማልረሳውን ኩስ አየሁ። ሐምራዊ ነበር። የማህተም ቀለም ሐምራዊ! ተንበርክኬ በእንጨት ገለጥኩት፤ የስፖንጅ ቁራጭና የቋንጣ ጅማት አለበት። ቅርጹም ቦታውም የጥቁር ጀርባው ነው።

«አገኘሁት!» ብዬ ጮኽኩ። አንድ የተማረ ሰው በአንድ ኩስ ያን ያህል ሲደሰት ታይቶ የሚታወቅ አይመስለኝም። በወረቀት ጠቅልዬ ለኃላፊያችን በክብር አቀረብኩ። ኃላፊያችን በልማድ እጃቸውን ቦርሳው ይንጠለጠልበት ወደነበረ ጎናቸው ሰደዱ፤ ማህተም ሊመቱበት ፈልገው ነበር። ከዚያ ትዝ አላቸው።

ውሳኔው ተሻረ። ጆሮ ትልቁ ነፃ ወጣ፤ እኔም ለግማሽ ቀን የቢሮው ሊቅ ሆንኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሐምራዊ ሐምራዊውን እየተከተልን ሜዳውን አቋረጥን። አንዱ ኩይሳው ራስ ላይ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጥቁር ጀርባው ወሰኑን የሚያስከብረው እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እየጣለ ስለሆነ መከተሉ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓዱ ላይ ደረስን። ግልገል አልነበረበትም። ባለቤቱ ከሩቅ ቁጭ ብሎ እያየን፣ ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች ቤቱን አፈረስንበት።

የወጣው የፍየል ቀንድ፣ የአይጥ አጥንት፣ የኮንጎ ጫማ ግማሽና የታኘከ የቋንጣ ሲባጎ ነው። ማህተም የለም። ኃላፊያችን ላባቸውን ጠርገው ወደ ቀበሮው ዞሩ።

«ውጦታል» አሉ በመጨረሻ።

«ጓድ፣ ማህተሙ እጀታ አለው፤ ይህን ያህል ነው» አልኳቸው በጣቴ እየለካሁ።

«በዝባዥ የማይውጠው የለም።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አንድ ቀበሮ እስኪወጣለት ስንጠብቅ ዋልን። ቀልዴን አይደለም። ፈረቃ ወጣ። ሾፌሩ በምሥራቅ፣ እኔ በምዕራብ፣ ኃላፊያችን መሀል ላይ ማስታወሻ ይዘው ተቀመጡ። ቀበሮው ትንሽ ሄድ ብሎ ጎንበስ ሲል ሦስታችንም እንነሣለን፤ እሱ ያየንና ተሳቅቆ ይተወዋል። እኔም እሱን ብሆን አይመጣልኝም ነበር።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌው ሊሰናበቱን መጡ። ሥራችን አልቋል ብለው ነው። ምን ያህል ሐምራዊ ኩስ እንደሰበሰብን አይተው፣ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው። ብዙ አገኛችሁ።»

«ምን አገኘን አባ!» አልኩ። «የምንፈልገው ኩሱን አይደለም። ማህተሙን ነው።»

«ማህተም ምንድን ነው የሚያደርግ?»

ነገርኳቸው። እንጨት እጀታ ያለው ክብ ላስቲክ ነው፣ እሱ ካልተገኘ ጂንካ ያለች አንዲት ሴት ትታሰራለች፣ ልጅ አላት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ከሐሙስ ጀምሮ ይህን ለሽማግሌው የነገራቸው ሰው አልነበረም። በርኮታቸው፣ ይዘውት በሚዞሩት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር፤ ሳልጨርስ ተነሡ።

«ሴትዮዋ በዚህ ነገር ትታሰራለች? ቶሎ ኑ።»

እየተራመዱ ነገሩን። ሐሙስ ጠዋት ዱካውን አይተውታል። ጥቁር ጀርባው ቦርሳውን እየጎተተ፣ እየዘነጠለ፣ ያለበትን እየበላ ሄዷል። መንገዱ ግን በጆሮ ትልቆቹ ቤት አጠገብ ያልፋል። እነሱ ደግሞ ግልገል አላቸው።

«ምግብ ለምግብ አይጣሉም» አሉ ሽማግሌው። «ልጅ ካለ ግን ይጣላሉ። እነዚያ ትንሽ ናቸው፤ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣሉ። ያ ትልቁ ሸክም ይዞ መሮጥ አልቻለም። ጣለ። ሄደ።»

ኃላፊያችን ቆሙ። «ይህን ሐሙስ ዕለት ያውቁ ነበር?»

«ሐሙስ።»

«ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ነበር እኮ! ለምን አልተናገሩም?»

«እጅ አውጣ አላችሁኝ፤ አወጣሁ» አሉ ሽማግሌው። «አፍ ክፈት ያለኝ የለም።»

ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ሰንደል ነበር። እኔ ደግሞ ሒሳቡ ቀስ ብሎ ገባኝ። ዓርብ ዕለት በስብሰባው ስህተት ሄደን ጆሮ ትልቁን ብንቆፍር ኖሮ ማህተሙን እዚያው እናገኘው ነበር። ከማህተሙ ሁለት ቀን ሙሉ ያራቀን የእኔ እውቀት ነው።

ስንደርስ ሁለቱ ጆሮ ትልቆች ጅራታቸውን ቀስረው ከሩቅ ጮኹብን፤ እኛንም ሊያባርሩ ፈልገው ነበር። ቦርሳው ከቁጥቋጦው ሥር ተቦጫጭቆ ወድቋል። ቆዳውን አልነኩትም፤ ለእነሱ ከድንጋይ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ማህተሙ ከጎኑ ነበር። የእንጨት እጀታውን ምስጥ በጭቃ ለብጦ እየበላው ነው፤ ሁለት ግልገሎች ደግሞ ጭቃውን በአፍንጫቸው እያፈረሱ ምስጡን ይልሳሉ። ከእጀታው የቀረው አውራ ጣት የሚያህል ነበር። ላስቲኩ ላይ ሲደርስ ምስጡ እዚያው ቆሟል፤ ኮከቡ፣ ጽሑፉ፣ ክቡ ሁሉ እንዳለ ነው።

ኃላፊያችን ማህተሙን በመሀረባቸው ጠቀለሉና ግልገሎቹን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ለፍቶ አዳሪ ናቸው ብዬ አልነበር?» አሉ።

ጂንካ ድረስ ስንስቅ ሄድን። ሾፌሩ መሪውን እየደበደበ ይስቃል፤ ኃላፊያችን ቀበሮው ተሳቅቆ ሲመለስ እንዴት እንዳየን እያስመሰሉ ዕንባቸው ወረደ። እኔ ደግሞ ታሪኩን ለእሷ ከየት ጀምሬ እንደምነግራት ስለማመድ ነበር። ከሐምራዊው ብጀምር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ከተማው ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ቤቷ ልንሄድ ስንል ሾፌሩ በቢሮው ፊት አቆመ። እሑድ ሆኖ በሩ ክፍት ነበር። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከጎኗ በገመድ የታሰረ ጓዝ አስቀምጣ። የማስታውሰው ጋቢ፣ አንድ ሳሙና፣ የቆርቆሮ ኩባያ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነው። ለጉዞ የተዘጋጀች መስሎኝ ነበር።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት፣ ገና እየሳቅሁ።

«ነገ ሲመጡ ቤት እንዳያገኙኝ ብዬ ነው» አለች። «ልጄን ገዘር እናቴ ጋ አድርሻታለሁ። እዚህ አድሬ ከዚሁ ቢወስዱኝ ይሻላል፤ ሰፈር ውስጥ አስረው ሲወስዱኝ ያየ ሰው ለልጄ እንዳይነግራት።»

ኃላፊያችን መሀረቡን ፈቱና ማህተሙን ሰጧት። ተቀበለችው። ጽሑፉን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ግማሽ የሆነውን እጀታ አየች፣ ምን ሆኖ ነው አላለችም። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዛ ገባችና ሳጥኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማን። የተለማመድኩትን ታሪክ ተውኩት። በጣም አፈርኩ። ሦስታችንም መቀመጥ ፈርተን ቆመናል፤ ስብሰባ የማያጡት ሰውዬ እንኳን ስብሰባ አልጠሩም።

ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። አየችን፤ ከፀጉራችን እስከ ጫማችን አቧራ ነን። ጎንበስ ብላ የተቋጠረውን ጨርቅ ፈታችው። ቆሎ ነው።

«ለእስር ቤት የቆላሁት ነው፤ ርቧችኋል፣ ብሉ» አለችን።

ለኃላፊያችን ዘገነችላቸው፣ ለሾፌሩ ዘገነችለት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። መዳፌ ላይ ስታፈስልኝ ቆሎው ገና ለብ ይል ነበር።